ቸሩ የማይጠጣው አረቄ

ኦክቶበር 8

ባሌ ክፍሌ እሑድ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ «በረዶ እየጣለ ነው» አለኝ። በኦክቶበር! መጋረጃውን ገልጬ አየሁ፤ ቅጠሉ እንኳ ገና አልረገፈም። ሳቅሁበት። ትናንት አብዝተህ ነው አልኩት። ከሰዓት በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ፍለጋ ቁምሳጥን ከፍቶ ገባ። ያኔ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ዛሬ ሐኪሟ ቁርጡን ነገረችን። የጠጣው አረቄ ሜታኖል የሚሉት መርዝ ነበረበት። የዓይኑን ነርቭ በልቶታል፤ አይመለስም። መድኃኒቱ ራሱ አልኮል ነው፣ ደህናው አልኮል። እሱንም በደም ሥሩ ሰጥተውታል። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለች። እኔ ስስቅ ነው የዘገየነው።

ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው። ጓደኞቹ «ክፍሌ ስቶክሆልምን ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳታል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከእንግዲህ ይህን ቀልድ እፊቴ የሚናገር ይኖር እንደሆነ አያለሁ።

ኦክቶበር 9

ፖሊሶች ሆስፒታል መጡ። ክፍሌ «ባቡር ጣቢያ ከማላውቀው ሰው ነው የገዛሁት» አላቸው። እኔም ዝም። የተረፈውስ የት አለ ሲሉኝ ጣልኩት አልኩ።

አልጣልኩትም። ታክሲው በር ኪስ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ተራ የውሃ ጠርሙስ፣ ከግማሽ በላይ አለው። አሁን ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ነው። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ኦክቶበር 13

ቸሩ። ባሌን ያጠጣው እሱ ነው።

በዚህ ከተማ ቸሩን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ለቅሶ ሲሆን ወንበር ጭኖ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ፤ ሰርግና ክርስትና ሲሆን መጠጥ የሚያቀርበው እሱ። መንግሥት መጠጥ የሚሸጥበት ሲስተም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ እሑድ ጭራሽ አይከፍትም። «ሲስተም ይዘጋል፣ ቸሩ አይዘጋም» ይላል ሰዉ እየሳቀ። ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ መሃል፣ የተከራየው ክፍል አለው። ሰዎች በጭነት መኪና ጀሪካን ጀሪካን አልኮል ያመጡለታል፤ እሱ ውሃና አኒስ ጨምሮ የሀገር ቤት አረቄ ያስመስለዋል። እነማን እንደሆኑ ማንም አይጠይቅም። ሐበሾች አይደሉም። «የዮርድብሩ ሰዎች» ይባላሉ፤ ያም ሲባል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ቸሩ ራሱ ግን ጠብታ አይቀምስም። ስለት አለብኝ ይላል። ስለት! ሌላው ይቀምስለታል። ያን ቅዳሜ ክፍሌ እንዲያው ሰላም ሊለው ጎራ አለ፤ «ለሚመጣው ሰርግ አዲስ ዕቃ ገብቷል፣ እስቲ ቅመስልኝ» አለው፤ ቀመሰ። የቀረውንም ይዘህ ሂድ አለው። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ክፍሌ እንግዳ ነበር።

ኦክቶበር 20

ክፍሌ ቤት ገባ። ሶፋው ላይ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑን ክፈቺው ይላል፤ እከፍታለሁ፤ ፊቱን የሚያዞረው ወደ መስኮቱ ነው።

ልጃችን ሰሊና ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የሕግ ሰው ሆናለች። «ማማ፣ ቪ ሞስተ አንሜላ!» ትለኛለች፤ ለፖሊስ እናመልክት ማለቷ ነው። አማርኛውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

«ለማን ነው የምናመለክተው? ፖሊስ የአባትሽን ዓይን ይመልሳል?» አልኳት።

ፓፓ ቅዳሜ ቅዳሜ ዮርድብሩ ምን ይሠራ ነበር አለችኝ። ደንበኛ ያደርሳል አልኳት። በየሳምንቱ? አዎ በየሳምንቱ። መኪናው አኒስ አኒስ ይሸት ነበር አለች። ታክሲ ውስጥ ስንቱ ይሸታል! አንድ ቀንም በስልክ «ቀመስኩት፣ ለስላሳ ነው፣ ልቀቀው» ሲል ሰምቼዋለሁ አለችኝ፤ ይህችን በአማርኛ ነው ያለችው፣ ልክ እንደ አባቷ አድርጋ። ድስቱ እያረረብኝ ነው ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ኦክቶበር 27

ቤተ ክርስቲያን። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ክፍሌ ባይቀምሰው ኖሮ እኮ ያ ሁሉ የሰርግ ሰው አልቆ ነበር።»

«እሱ ነው ያዳነን። እግዜር ውለታውን ይክፈለው።»

ለካ ክፍሌ ሆስፒታል መግባቱ ሲሰማ ቸሩ ጀሪካኖቹን ሁሉ ደፍቷቸዋል። ሰርጉም በሰላም ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። ባሌን እንደ ጋሻ ከፊት አስቀድመው ሲጨፍሩ አደሩ። ቸሩ ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከወንዶቹ ፊት ቆሞ ሲያስቀድስ ነበር። ሰላም አልኩት። ጥርሴን ነክሼ ሰላም አልኩት።

ኖቬምበር 2

አበባ መጣ። ትልቅ እቅፍ፣ ነጭ። አድራሽ ልጅ ነው ያመጣው፤ ካርዱ ላይ «ክሪያ ፖ ዴይ» ይላል፤ ይማርህ መሆኑ ነው። የላኪው ስም የለም። ክፍሌን የማን ይሆን አልኩት። አሸተተውና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጣይው» አለኝ። «ሰሊና ሳታየው ጣይው። ከማንም ጋር ስለዚህ ነገር እንዳታወሪ፣ የሻሽ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ።»

አበባ የሚላክልን የዮርድብሩ ሰዎች የቤታችንን በር እንደሚያውቁ እንድናውቅ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣብን ቸሩ ነው።

ኖቬምበር 9

ዮርድብሩ ሄድኩ። ከምንኖርበት ከቬስቢ ፔንደል በሚሉት ባቡር፣ ከተማ ላይ ሌላ ቀይሬ። ለክፍሌ ገበያ ልውጣ ብዬው።

ቸሩ መጋዘኑ በር ላይ ካርቶን ሲያጣጥፍ አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ።

«እህቴ የሻሽ፣ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ቢያዩሽ…»

«ይዩኝ! ዓይን ያላቸው እነሱ ናቸው!»

«እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። በልጆቼ እምላለሁ። ልተወው ብላቸው አይተዉኝም፤ የት እንደምኖር ያውቃሉ። ክፍሌም ያውቃል፣ እሱን ጠይቂው፣ አብረን እኮ ነው…»

አላስጨረስኩትም። ፊቱ ላይ ተፋሁበት። በእጅጌው ጠረገና ቆሞ ቀረ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በመመለሻው ባቡር ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ቬስቢ ስደርስ ደስታው አለቀ። ምራቅ ምን ያደርጋል?

ኖቬምበር 16

ሽማግሌ መጣ። ጋሼ ብርሃነ ሥላሴና እማማ ከበደች። ጋሼ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ፕሮፌሰር ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እማማ ከበደች ደግሞ እኔ መጠለያ ካምፕ ሳለሁ ብርድ ልብሳቸውን ያካፈሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ከደረጃው ነበር የምመልሰው።

ቸሩ ይቅርታ ይጠይቅ አሉኝ። ክፍሌ ከሶፋው ላይ «እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። ገና ያኔ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም ብሎታል። እሱን ማን ጠየቀው? የሱ ልብ ለስላሳ ነው፤ ቂሙን የምይዝለት እኔ ነኝ።

«አይሆንም» አልኩ። «ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን አይሆንም።»

«ልጄ፣ እንደ ሀገራችን ነው የሚደረገው» አሉ ጋሼ። «ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅሽ ይገባል። ይወድቃል። ከዚያ ከቤትሽ መለኪያ ይጠጣል፣ ያበቃል።»

«ቸሩ አይጠጣም» አልኩ።

እማማ ከበደች ሳቁ። «ለእርቅ የቀረበለትን? ያን እምቢ ካለማ እርቁን እምቢ ማለቱ ነው። ስለቱን ካህን ይፈታለታል። ይጠጣል እንጂ!»

«ይጠጣል?» አልኩ።

«ጭልጥ ነው የሚያደርገው።»

እንደገና ይንገሩኝ አልኳቸው። እንደገና ነገሩኝ። ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው፤ እማማ ከበደች ደረጃው ላይ ግንባሬን ሳሙኝ።

ኖቬምበር 17

ይጠጣል እንጂ።

ኖቬምበር 28

እሺ አልኩ። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ተቆረጠ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ሴቶቹ ያቅፉኛል። «ልብሽን ያራራው አምላክ ይመስገን» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። አንዲት ደግሞ እያለቀሰች እንደኔ ያለ ልብ እንዲሰጣት ለመነች።

ስጠኝ ካለችው ይስጣት።

ዲሴምበር 3

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። እኔ ነኝ የምቀዳው፣ እኔ ነኝ የምቀምሰው።

ተለማመድኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩና በመለኪያ ውሃ ቀዳሁ። ተጎነጨሁ፣ ሳልውጥ ያዝኩ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ የሳልኩ መስዬ ተፋሁት። መጀመሪያ ላይ ዋጥኩት። ቀጥሎ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ግን ለመድኩት። መስታወት ውስጥ ሳየው ያስቃል፤ በዚህ ዕድሜዬ ቲያትር።

ዲሴምበር 5

ሥራ ቦታዬ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት። ለሕፃናቱ ሾርባ እያማሰልኩ ሳላስበው ውሃ በአፌ ይዤ ቆሜአለሁ። አለቃዬ ጥርስሽን አመመሽ አለችኝ።

ዲሴምበር 12

ክፍሌ ነጭ ዱላ ተሰጠው። አስተማሪ እየመጣች ኮሪደሩን ታስለምደዋለች። እጁ ግን ከዱላው ይፈጥናል፤ ግድግዳውን፣ ማንጠልጠያውን፣ ሁሉን እየዳሰሰ ቤቱን እንደ አዲስ ይማራል።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ካልሲ» አለ።

«ካልሲህ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«እሺ» አለና ተነሣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

በኋላ ሳየው ጠርሙሱ ቦታው ነው፤ ክዳኑ ብቻ ላልቷል። እኔው አላልቼው ይሆናል። ለመቅዳት ቀላል እንዲሆን ብዬ። አዎ፣ እኔ ነኝ።

ማታ ዓይኔን እየዳሰሰ «ምን ሆነሻል የሻሽ፣ እንቅልፍ የለሽም» አለኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩት። «ተይው» አለ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ዲሴምበር 24

ፈረንጆቹ ገናቸው ነው። ቬስቢ ጭር ብላለች። ሰሊና ጓደኞቿ ጋ ሄዳለች። እኛ ጾም ነን።

ዓይኑን ብቻ ነው የምፈልገው። ነፍሱን አይደለም። ይህን እዚህ ልጻፈው፣ እግዜርም ይየው። ክፍሌ ቀምሶ አልሞተም፤ ቸሩም አይሞትም። ካልሲውን በዳሰሳ ይፈልግ። ልጁ ተመርቃ ጋውን ስትለብስ በጆሮው ይያት። የሰዉን ወንበር ጭኖ ከመሮጥ ይገላገል፤ ሌላ ሰው እጁን ይዞ ለቅሶ ቤት ያስገባው። ይህን ሳስበው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ሙሉ መለኪያ ነው እንግዲህ። ክፍሌ የጠጣው ስንት ነበር? አልነገረኝም። ጭልጥ ያደርጋል ብለዋል እማማ ከበደች። ይቀመጥ፣ ስለዚህ አላስብም።

ጃንዋሪ 7

ገና። እንኳን አደረሰህ አልኩት። «እርቁ ይቅርብሽ» አለኝ ክፍሌ። ሰው ጠርተን? አልኩት። «እንግዲያው የሲስተም መጠጥ እንግዛ፤ ሰሊና ታምጣው» አለ። አረቄ ነው የሚገባው አልኩት። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ብዙ ቆየ። አሁን አሁን ፊቱን ሲያዞር በትክክል ዓይኔ ላይ ያርፋል።

ጃንዋሪ 11

ሁሉንም ልጻፈው።

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ቸሩ ከአውቶቡስ ፌርማታው ያነሣውን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ ገባ። በረዶው ከድንጋዩ ላይ እየቀለጠ በአንገቱ ይወርዳል። ከፊታችን በግንባሩ ተደፋ። «ስለ እግዚአብሔር» አለ። ሁሉም «ስለ እግዚአብሔር» አሉ። ክፍሌ እጁን ዘርግቶ ራሱን ዳሰሰውና «ይቅር ብያለሁ» አለ። እኔም አልኩ። ጋሼ ድንጋዩን አውርደው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

ትሪውን አመጣሁ። አንድ መለኪያ፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሌ ገልብጬዋለሁ። ቀዳሁ። እጄ ጸጥ ብሎ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ አፌ ላቀርብ ስል ጋሼ ብርሃነ ሥላሴ «ቆይ፣ ቆይ ልጄ» አሉ። «ተበዳዩ ክፍሌ አይደል? መጀመሪያ ለሱ ነው። እሱ ይቅመስና ለቸሩ በእጁ ይስጠው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት፣ ያን ሁሉ ውሃ ስጎነጭ፣ ተበዳይ ሲባል የሚታየኝ እኔ ነበርኩ።

«ሐኪም ከልክሎታል» አልኩ። «በሱ ፋንታ እኔ…»

«ከንፈሩን ያስነካው ብቻ» አሉ እማማ ከበደች። «እርቅ ነው፤ አይጎዳውም።»

ክፍሌ እጁን ዘረጋ። «አምጪው» አለኝ። አልሰጠሁትም። ጋሼ ከእጄ ወስደው ጣቶቹ መሃል አስያዙት። ወደ አፍንጫው አቀረበና ቆየ። በዚህ ዓለም ያን ሽታ እንደሱ የሚያውቅ የለም። አውቆታል፣ አሁን ያስቀምጠዋል ብዬ ጠበቅሁ። «አምላክ ይመስገን» አለና ወደ አፉ አነሣው።

መታሁት። በጥፊ ነው እጁን የመታሁት። መለኪያው ግድግዳው ላይ ተሰበረ፤ አረቄው ሸሚዙ ላይ ተደፋ። «አትጠጣ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ በነጠላዬ ከንፈሩን፣ አገጩን፣ እጁን እጠርጋለሁ። «ነካህ? ክፍሌ፣ ነካህ ወይ?»

«አልነካኝም» አለ በቀስታ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው የክፍሌን እጅጌ አሸተቱ፣ ብርሌውን አዩ፣ እኔን አዩ። «የሻሽወርቅ» አሉኝ፣ በሙሉ ስሜ። «ለቸሩ ምን ልትሰጪው ነበር?»

ቸሩ እንደተንበረከከ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። ሰሊና የመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላየሁም። ኮቷን አንሥታ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ወደ ኩሽና ገብተው ተማከሩ። ብዙ አልፈጀባቸውም። ጋሼ ተመልሰው ድንጋዩን ከወለሉ አነሡት፤ ወደ እኔ መጡና ጎንበስ በይ አሉኝ። እርጥብ ነበር፤ ብርዱ እስከ ጀርባዬ ወረደ። በገዛ ሳሎኔ፣ ቸሩ ፊት፣ ወደቅሁ።

ቸሩ እያለቀሰ ነበር። «ይቅር ብያታለሁ» አለ። «እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ አደርግ ነበር። ይቅር ብያለሁ።» ድንጋዩንም እሱ ነው ያወረደልኝ። እማማ ከበደች እልል አሉ፤ ከዚያ ሁላቸውም ለቸሩ እንዲህ ያለ ልብ የሰጠውን አምላክ አመሰገኑ።

ብርሌውን ክፍሌ ራሱ መታጠቢያ ቤት ወስዶ ደፋው። ዱላውን አልያዘም፤ መንገዱን ያውቀዋል።

ጃንዋሪ 13

ሰሊና አልተመለሰችም። ስልክ ታነሣለች፣ አትናገርም።

እማማ ከበደች ደወሉ። ወሬው እንዳይወጣ ሁሉም ተማምለዋል አሉኝ። «ቸሩ ለፖሊስ አልናገርም ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ እስር ቤት ነበርሽ፣ ልጄ። ደውለሽ አመስግኚው።»

«እኔ? ቸሩን?»

«ደውይለት። ዛሬውኑ።»

ክፍሌ ሶፋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ስልኬን አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

ደወልኩ። አመሰገንኩት።